የጎደለው ሩብ ኪሎ

«አስተዋጽኦ» የሚባለው ቃል ደሜን ያፈላዋል። አስተዋጽኦ የሚያደርግ እንግዳ ነው፤ ሰው ቤት ሲሄድ ባዶ እጁን ላለመግባት አንድ ነገር ያንጠለጠለ። እኛ የአዲስ ዓለም ሙስሊሞች በጎንደር እንግዶች ነን እንዴ? በጥምቀት ሰሞን ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሜ ያንን ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሳየው፣ የማን ኩታ ከማን ቤት እንደ ወጣ አንድ በአንድ ልነግራችሁ እችላለሁ። ያ ጥለት የጎረቤታችን ነው፤ ይህ ጋቢ የአጎቴ እጅ ነው። ቄሱ የተከናነበው፣ ሙሽራው የደረበው፣ ሐዘንተኛዋ ያዘቀዘቀችው፣ አብዛኛው እኛ ሰፈር ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ከሚውል ሸማኔ እጅ ያለፈ ነው። አገር አልብሰን ስናበቃ አስተዋጽኦ አደረጋችሁ እንባላለን። ኧረ ተዉን!

ስለዚህ ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ሰዓት፣ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው ሱቄ ገብቶ ገና «የሙስሊሙን ማኅበረሰብ አስተዋጽኦ» ሲል ቀድሞውኑ ተናድጄ ነበር። በኅዳር በአዳራሹ የብዝኃነት በዓል ይከበራል አለ። እሱ የዝግጅት ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። አባቴ ሲሠራበት የኖረው የሸማ ዕቃ እስካሁን እንዳለ ሰምቶ፣ መድረክ ላይ ተተክሎ ሸማኔ ቢሠራበት ለወጣቱ ትምህርት ይሆናል ብሎ መጣ። እኔ ግን ንግግሩን ትቼ ዓይኑን ነበር የማየው። የግራ ዓይኑ ቆብ ወረድ ያለ ነው። ያንን ዓይን በአሥራ አንድ ዓመቴ አይቼዋለሁ።

እሱ አላወቀኝም። እንዴት ያውቀኛል? የዚያን ዕለት እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ በር ሥር የቆምኩ ሴት ልጅ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ ሚዛን ተሸክሞ ደጃችን የቆመ ጎረምሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር ጋቢ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የደጋ ሴቶች፣ የወገራና የኮሶዬ ክርስቲያኖች፣ ጥጡን ይፈትላሉ፤ ፈትሉን ይዘው ወደ እኛ ሰፈር ይወርዳሉ፤ የእኛ ሰው ይሸምነዋል። ሥጋችን ለየብቻ፣ ማዕዳችን ለየብቻ፣ ልብሳችን ግን አንድ ላይ ነው። ፈትሉ በሚዛን ይገባል፤ ጋቢው በሚዛን ይወጣል። ሸማኔ ክር ሰረቀ ከተባለ አለቀለት፤ ስንት ወር ጣቷ እስኪላጥ የፈተለችውን ለእሱ የምትሰጥ ሴት አታገኙም።

የሰፈራችን ሸማኔ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ኮሶዬ ክረምቱን በጉም ውስጥ ነው የሚከርመው። ጥጥ ደግሞ ጉም ይጠጣል። እዚያ ላይ የተመዘነ ፈትል ወደ ከተማ ወርዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲሰነብት ይቀላል። ስለዚህ አባቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ የክረምት ፈትል ሲመጣለት ሳምንት ሰቅሎ ካደረቀ በኋላ ባለቤቷ ፊት እንደገና መዝኖ ነበር የሚረከበው። ያን ጊዜ ግን አልመዘነም። ፈትሉን የላከችው ሴትዮ የኮሶዬ ቄስ ሚስት ናት፤ ጋቢው ባሏ ለበዓል የሚለብሰው ነው፤ አስቸኳይ ነው። ፈትሉን ያመጣው ልጇ «እናቴ መዝናዋለች፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው» አለ። የቄስ ሚስት የመዘነችውን መልሼ ልመዝን ማለት ነውር መሰለው አባቴን። «እሜት ከመዘኑት ይበቃል» ብሎ ተቀበለ። ያቺ ይሉኝታ ናት ጉድ የሠራችን።

ጋቢው አልቆ ሲመዘን ሩብ ኪሎ ጎደለ። ሴትዮዋ ልጇን ሚዛን አሸክማ ደጃችን ድረስ መጣች። «አንተ ቁጢት በጣሽ! ክሬን ውለድ!» አለችው፣ ሸማኔ በሚሰደብበት ስድብ፣ ሰፈሩ እየሰማ። በሳምንቱ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ፣ ፈታዮቹ በሚቀመጡበት ቦታ ቆማ፣ የአባቴን ስም ከነአያቱ እየጠራች ሌባ ነው አለች። አባቴ ለሽምግልና ተጠራ። ክሩ ደርቆ ነው ቢላቸው ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ያ ልጇ ደግሞ ከመሀል ብድግ ብሎ፣ «ክር ጢስ ነው እንዴ፣ ተኖ የሚጠፋ?» አለ። ሳቁ ደመቀ። አባቴ በቁርአን ልማል አለ። ሴትዮዋ «የእሱ መሐላ ለእኔ ምኔ ነው?» አለች። አንድም ሰው ምነው እንዲህ ትያለሽ አላላትም።

አባቴ ጠብ አይወድም። ወደ ቤት መጣና እናቴ ለራሳችን ጋቢ ስትፈትለው ከነበረው ሩብ ኪሎ መዝኖ ወስዶ ሰጣት። ሰላም ይወርዳል ብሎ ነው። መመለሱ ሌብነቱን ማመን ሆኖ ተቆጠረበት። ከዚያ ወዲያ ከደጋ ፈትል ይዞ የሚመጣልን ጠፋ። ለነጋዴ የፋብሪካ ክር እየሸመነ ዘጠኝ ዓመት ኖረ፤ አምባ ጊዮርጊስን ግን ዳግመኛ አልረገጠም። የገደለው ጨጓራው ነው፤ ሴትዮዋ ገደለችው አልልም። ግን ሌባ እንደ ተባለ ሞተ። ለእኔ ይህ በቂ ነበር፤ ቂሜን ቋጥሬ አደግሁ።

እንግዲህ ያ ሰው ክራቫት አስሮ ፊቴ ቆሞ፣ የአባቴን ዕቃ ስጪኝ ይለኛል! ምን ቆርጦኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ግን ወሬውን ቀጠለ። «እኔ ራሴ የኮሶዬ ልጅ ነኝ። እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏት እስካሁን ትፈትላለች» አለ፣ እየኮራ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ በጭንቅላቴ አንድ ነገር ብልጭ አለ። አፌን ዘጋሁና ፈገግ አልኩ።

«ሸጋ ሐሳብ ነው» አልኩት። «ግን እኛ ብቻችንን ምን እንሠራለን? ፈትል ከሌለ ሸማ የለም። የኮሶዬ ክርስቲያን እናት የፈተለችውን የአዲስ ዓለም ሙስሊም ሕዝብ ፊት ቢሸምነው አያምርም?»

ሰውዬው በደስታ ሊያብድ! እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። «እህቴ፣ ይህን እኛ እንዴት አላሰብነውም?» አለ። ድሮ እንደሚደረገው ይሁን አልኩት። ፈትሉ አሁኑኑ ኮሶዬ ላይ ሰው ፊት ይመዘን፤ በበዓሉ ቀን ደግሞ መድረክ ላይ ይመዘንና ለሸማኔው ይሰጥ። እስከዚያው ማንም እንዳይነካው እርስዎ ቤት ይቆለፍበት አልኩ። ሁሉንም እሺ አለ። እኔ ሱቄን በቀን ዘግቼ ገባሁ።

ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ ከመኪናው መስኮት ገብቶ ይዳሰሳል። አሮጊቷ በር ላይ ጠበቀችን። ፊት ለፊት አንቱ ነው ያልኳት፤ እዚህ ግን በልቤ እንዳለችው «እሷ» እላታለሁ። ያ ጉሮሮዋ ሟሙቷል፤ አንገቷ የዶሮ ሆኗል። ደስ አለኝ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

«የአዲስ ዓለም ሸማኔ ልጅ ነኝ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «የአዲስ ዓለም ሸማኔ ብዙ ነው» አለችና ዓይኗን ወደ ልቃቂቶቹ መለሰች። ሌላ አልጠየቀችም።

ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች ባሉበት ፈትሉ ተመዘነ። እርጥበቱ በእጅ ይታወቃል። ሁለት ኪሎ ተኩል። ሰብሳቢው በወረቀት ጽፎ ፈረመበት፤ ፈትሉን ከረጢት ውስጥ ከትቶ አፉን በራሱ እጅ አሰረ። እኔ ሁሉንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። «ለታሪክ ነው» አልኩት። «እውነት ነው፣ ለታሪክ!» አለ ምስኪኑ።

ክረምቱ ወጣ። መስከረምና ጥቅምት ፀሐይ በፀሐይ ሆኑ። እኔም እንደዚያ ዓመት ፀሐይ ወድጄ አላውቅም። አንድ ቀን ዳመና ብቅ ካለ እንቅልፍ የለኝም። ከተማ ያለው የሰብሳቢው ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን ሄጄ አረጋግጫለሁ፤ ሻይ ልጠጣ ብዬ። ፈትሉ ያለበትን ቁም ሣጥን ራሱ አሳየኝ፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እያንቀጫቀጨ። «ከእኔ በቀር ማንም አይከፍተውም» አለ። እኔም «ይህን አይርሱት» አልኩት።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ታክኮ ቆሟል። ከፊት ወንበር ላይ አሮጊቷ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ከኋላ የሰፈሬ ሽማግሌ ሸማኔዎች ተደርድረዋል። ለእነሱ ምንም አልነገርኳቸውም። ሰብሳቢው ስለ መቻቻል ረጅም ንግግር አደረገ። «የሙስሊም ሸማኔዎቻችን ታማኝነት ዘመን የማይሽረው ነው» ያለ ጊዜ ጥርሴን ነክሼ ልሰብረው ነበር። ከዚያ ከረጢቱን ይዞ ወጣ፤ ቋጠሮው ያልተነካ መሆኑን ለሕዝቡ አሳየ፤ ሚዛኑ ላይ ራሱ አስቀመጠው።

ሩብ ኪሎ ጎደለ። ከዚያች ከድሮዋ ሩብ ኪሎ አንዲት ክር እንኳ አትለይም።

መድረኩ ላይ ወጥቼ ማይኩን ተቀበልኩት። «ኮሶዬ ላይ ስንት ነበር?» አልኩት።

«ሁለት ተኩል።»

«ማን ፈረመ?»

«እኔ።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

«እኔ ጋ።»

«ታዲያ ሩብ ኪሎዋን ማን በላት?»

አዳራሹ ሳቀ። እሱም ሊስቅ ሞከረ፤ ግን ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ሚዛኑን ነካ ነካ አደረገው፤ ከረጢቱን ገለበጠው። የሰፈሬ ሽማግሌዎች ገና ሚዛኑ ሲቆም ገብቷቸዋል፤ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ሰብሳቢው፣ «ክሩ ደርቆ ነው! በቃ፣ ደርቆ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ይህችን ነበር የምጠብቀው። «ክር ጢስ ነው እንዴ፣ ተኖ የሚጠፋ?» አልኩት።

ክው አለ። ፊቱ ላይ ነገሩ ሲመለስለት አየሁ፤ ሽምግልናው፣ ሳቁ፣ አባቴ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የአባቴን ስም ከነአያቱ ጠርቼ፣ ክር ሰረቀ መባሉን፣ መሐላው አለመቆጠሩን፣ እናቴ የፈተለችውን መዝኖ መስጠቱን። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ነው የተለማመድኩት።

አሮጊቷ ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች። «ልጄ፣ አውቀው ነበር» አለች። «ያን ጊዜ አላወቅሁም። በዓመቱ የራሴው ፈትል ቆጥ ላይ በጋውን ሙሉ ሰንብቶ ሲቀል አየሁት። መዘንሁት፤ አለቀስሁ። ግን አፈርሁ። የቄስ ሚስት ተሳሳተች እንዳልባል ዝም አልሁ።»

በዓመቱ! አባቴ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሯል። ከኮሶዬ ጎንደር በመኪና ሰዓት አይሞላም። ስምንት ዓመት ሙሉ እሷ ታውቅ ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ የፋብሪካ ክር ይወረውር ነበር። የእርጥበቱን ነገር ስላላወቀች ነው ብዬ ሊበርድልኝ የሚችል አንድ ጥግ ልቤ ውስጥ ነበረ፤ እሷው መጥታ ለኮሰችው።

«ይቅር በዪኝ» ብላ ወደ ጉልበቴ ጎንበስ አለች። በዚህ መሀል ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። ዕርቁ የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው! ፎቶ የሚያነሣው ደግሞ ሮጦ መጥቶ፣ «ተቃቀፉ፣ ተቃቀፉ» ይለናል። ካሜራውን ብሰብረው ደስታዬ ነበር።

«አልታቀፍም» አልኩ በማይኩ። «ሌባ ያሉት እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይደለም። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ነው። እዚያው ይሂዱ፤ በዚያው ጉሮሮ አልሰረቀም ይበሉ።»

ልጇ «ምነው! በዚህ ዕድሜዋ?» ብሎ ተቆጣ። እሷ ግን በእጇ አስቆመችው። «እሄዳለሁ» አለች።

በገበያው ቀን ከእሷ ቀድሜ ደረስኩ። ጥሩ ቦታ ያዝኩ፤ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ ብዬ። ልጇ ከመኪና አውርዶ፣ ክር ከሚሸጥበት መደዳ አቁሟት፣ ራሱ እያፈረ ራቅ ብሎ ቆመ። የተፈተለ ክር ይዛ የተቀመጠች አሮጊት ሁለት ብትሆን ነው፤ የቀረው መደዳ ሁሉ የፋብሪካ ክርና የፋብሪካ ጋቢ ነው። አሮጊቷ ጉሮሮዋን ጠረገችና የአባቴን ስም ከነአያቱ ጠራች። «ክሬን አልሰረቀም! በሐሰት ነው ስሙን ያጠፋሁት!» አለች።

ማንም ዞር አላለም።

ደገመችው። አንድ ጋቢ ሻጭ፣ «እማማ፣ ማንን ነው የሚሉት?» አላት። ስሙን ነገረችው። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ደንበኛው ተመለሰ። ክር ከያዙት አሮጊቶች አንዷን እኔው ሄጄ ጠየቅኋት፤ አታውቀውም። ሁለተኛዋ ከዳባት ነው የመጣሁት አለች። ያን ጊዜ እዚያ የነበሩት ፈታዮች ሞተዋል፤ የሳቁት ሽማግሌዎችም ሞተዋል። አሮጊቷ መቆም አቅቷት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ግን መጮኋን አላቆመችም። «አልሰረቀም! አልሰረቀም!» አንዲት ወጣት ሴት እያለፈች ጎንበስ ብላ አሥር ብር ጭኗ ላይ ጣል አደረገችላት። ለማኝ መስላት ነው።

ይህን ሳይ ልስቅ ይገባኝ ነበር። ለማኝ ስትሆን ማየትን ያህል ምን ፈልጌ ነበር? ግን ሳቁ አልመጣም። አባቴን ነጻ ላወጣ መጥቼ፣ አባቴን ሌባ ብሎ እንኳ የሚያስታውስ ሰው አጣሁ። በዚያ ደጋ ሁሉ ስንቱን አልብሶ፣ ስሙ ሲጠራ ቀና የሚል አንድ ራስ የለም።

ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «ይህ አይበቃም» አልኳት። «ማን እንደ ነበር ይንገሯቸው።»

ወደዚያ ጋቢ ሻጭ ዞራ መናገር ጀመረች። «ሸማኔ ነበር። እስላም ነው፣ የአዲስ ዓለም። እጁ ሸጋ ነበር፤ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም። ድሩን ሲስበው አንዲት ክር አትላላበትም። የዚህ አገር አያቶች የተቀበሩት እሱ በሸመነው ጋቢ ነው። ባሌም፣ ባሌም በዚያው ጋቢ ነው የተቀበረው» አለች። ይህን አላውቅም ነበር። ሻጩ የያዘውን ጋቢ አስቀምጦ ማዳመጥ ጀመረ፤ ክር የያዙት አሮጊቶችም ጠጋ አሉ።

ይቅር አላልኳትም፤ ዛሬም አላልኳትም። ግን በየገበያው ቀን ልጇን አስቸግራ እዚያ ትወርዳለች፤ እኔም ስችል ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አሁን አባቴን በስሙ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። በዚያ ደጋ እሱ ሲሠራ ያየች ከእሷ በቀር የለችም። ስለዚህ በየሶላቴ መጨረሻ እጄን ዘርግቼ፣ ያ አላህ፣ ለዚያች ሴት ዕድሜ ስጣት እላለሁ።